ቶሎ የሚነድ፣ ዘግይቶ የሚበርድ፦ ከቦርደርላይን ጋር በአንድ ቤት

እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፣ እሷ ደሴ ሆጤ ሰፈር ነች እንበል። የዛሬ ፈረቃው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው። ስልኩ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበታል። 9 ሰዓት ላይ ደወለች፤ ጠራ፣ አልተነሣም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደገመች። 10 ሰዓት ሲሆን ሚስድ ኮሉ 14 ደርሷል። መልእክቱም «ምነው፣ ደህና ነህ?» ብሎ ጀምሮ «እንደተውከኝ ገብቶኛል»ን አልፎ «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ» ላይ ደርሷል። 11 ሰዓት ላይ አብረው የተነሷቸውን ፎቶዎች ሁሉ አጠፋች። ማታ ከሥራ ወጥቶ ሲደውልላት እያለቀሰች ይቅርታ ትለምነዋለች፤ እሱ ግን ለየትኛው መልእክት እንደሚመልስ ግራ ገብቶታል።

ጎረቤት ቢሰማ «ቅናት ነው» ይላል። እናት «ከልጅነቷም ሆደ ባሻ ነበረች» ትላለች። ወንድ ሲሆን ደግሞ «ግልፍተኛ ነው፣ ካለፈለት በኋላ ግን እንደሱ ደግ የለም» ይባላል። ሁሉም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። ነገሩ ከወጣትነት ጀምሮ ለዓመታት ከቆየ፣ ከፍቅረኛ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቤተሰብም፣ ከጓደኛም፣ ከአለቃም ጋር ከተደጋገመ፣ ትምህርትና ሥራ ካሰናከለ ግን ሐኪም የሚሰጠው ስም አለ፦ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር። የስብዕና መታወክ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እዚህ በአጭሩ ቦርደርላይን እንለዋለን።

ስሙ እንኳ አሳሳች ነው። አዶልፍ ስተርን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 ቃሉን የተጠቀመበት፣ ሕመሙ በጭንቀት ዓይነቶችና ከእውነታ በሚያለያይ ከባድ ሕመም መካከል፣ ድንበር ላይ ያለ ስለመሰለው ነው። አስተሳሰቡ ተትቶ ስሙ ቀረ። ስለዚህ «ድንበር» የሚለውን ሰምቶ «ለማበድ አንድ እርምጃ ቀርቷታል ማለት ነው?» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ምልክቶቹ

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ 9 ምልክቶች ይዘረዝራል፤ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው። እንዳልተው በሚል ፍርሃት የሚይዙትን የሚጨብጡትን ማጣት (መተዉ የእውነት ይሁን የግምት)፤ አንዱን ሰው ዛሬ መልአክ፣ ነገ ሰይጣን የሚያደርግ ቅርርብ፤ «እኔ ማነኝ» ለሚለው መልሱ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ፤ በገንዘብ፣ በመጠጥ፣ በወሲብ፣ በአነዳድ ወይም በአበላል ቢያንስ በሁለቱ ራስን የሚጎዳ ችኩልነት፤ ራስን መጉዳት ወይም ራስን ስለማጥፋት ደጋግሞ መዛትና መሞከር፤ በሰዓታት ውስጥ የሚገለባበጥ ስሜት፤ በምንም የማይሞላ ባዶነት፤ ለማብረድ የሚያስቸግር ቁጣ፤ በመጨረሻም ጭንቀት ሲበረታ ለአጭር ጊዜ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ወይም ከገዛ አካል ውጭ የቆሙ ያህል መሰማት።

ይህን አንብቦ «አምስቱ አሉብኝ» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በፈተና ሰሞን ወይም ፍቅር በፈረሰ ወር ማንም ሰው ሦስት አራቱን ያሟላል። ሐኪሙ የሚያየው የዓመታቱን አካሄድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚምታቱትን ግን መለየት ይጠቅማል።

አንደኛው ባይፖላር የሚባለው የስሜት ሕመም ነው። እዚያ የስሜት ከፍታው ሳይቋረጥ ለቀናት ይዘልቃል፤ ማኒያ ለመባል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠይቃል፣ እንቅልፍ ሳይተኙም ድካም አይሰማም። ቦርደርላይን ጠዋት አስቆ፣ ቀትር ላይ አስለቅሶ፣ ማታ ሊያስቅ ይችላል፤ ቀስቃሹም አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የመጣ ነገር ነው፦ ያልተመለሰ ሰላምታ፣ የቀረ ቀጠሮ፣ የተለወጠ የድምፅ ቃና።

ሁለተኛው እዚህ አካባቢ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ያየውን አይቷል። ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ፣ አንዳንድ ቦታና ወሬ መሸሽ፣ ቶሎ መቆጣት ከዚያ ወዲህ የጀመረ ከሆነ የአደጋ ሰቀቀን (ፒቲኤስዲ የሚባለው) ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ተደርበው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «መቼ ጀመረ?» ለሚለው ጥያቄ ዓመቱን አስታውሶ መሄድ ግማሽ ምርመራ ነው። እንቅርት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጫት ብዛት ካለም ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ እነዚህም ስሜትን ያናውጣሉ።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ሦስት ነገሮች አብረው ይሄዳሉ። ስሜቱ ሌላው ሰው ልብ በማይለው ነገር ይቀጣጠላል፤ ሲቀጣጠል ከፍ ብሎ ይነዳል፤ ለመብረድ ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛውን ቤተሰብ ይዘነጋዋል። ጭቅጭቁ 10 ሰዓት ላይ ስላለቀ 11 ሰዓት ላይ «አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» ይባላል። ምንም አዲስ ነገር አልመጣም፤ የቀድሞው ገና ፍም ነው። ፍሙ ላይ ሁለተኛ ነገር ከወደቀበት እንደገና ከላይ ይጀምራል፤ ቀኑን ሙሉ «ያለ ምክንያት» የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ከፊሉ በዘር የሚወረስ ነው። ከፊሉ ደግሞ ስሜቱ ዘወትር የሚጣጣልበት አስተዳደግ ነው፤ በደል የደረሰባቸው ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም። አንዳንዴ ወላጅ ሌሎቹን አራት ልጆች በደንብ ባሳደገበት መንገድ አምስተኛው ይጎዳል፤ አምስተኛው ቆዳው ስስ ሆኖ ስለተፈጠረ። ወላጅን ተከሳሽ ማድረግ ከሕክምናው የሚያጎድለው እንጂ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይድናል ወይ? ቦስተን አቅራቢያ ያለው የማክሊን ሆስፒታል ተመራማሪዎች ተኝተው የታከሙ 290 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳተሙት፣ በ10 ዓመት ውስጥ 93 በመቶዎቹ ቢያንስ ለ2 ዓመት ምልክቶቻቸው ከምርመራው መስፈርት በታች ወርደውላቸዋል። ሥራንና ወዳጅነትን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ያገገሙት ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። ራስን መጉዳቱና ራስን ለማጥፋት መሞከሩ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ቁጣው፣ ባዶነቱና የመተው ፍርሃቱ ይዘገያሉ፤ ሥራና ትምህርት ደግሞ የራሳቸው ድጋፍ ይፈልጋሉ። «ዕድሜ ልኳን እንዲህ ነች» የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ «በሦስት ወር ትድናለች»ም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት

ስሜቱ ጣሪያ ሲነካ ምክር አይሰማም፤ ጭንቅላቱ ለክርክር ክፍት አይደለም። መጀመሪያ የሚበርደው ሰውነት ነው።

ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉ። ደሴ ላይ የማለዳ የቧንቧ ውሃ እንዳለ ይበቃል፤ ኮምቦልቻ ሞቃታማ ስለሆነ ከእንስራ ወይም ከፍሪጅ መቅዳት ይሻላል። ውሃው በረዶ መሆን የለበትም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ፊት ያማል። ጎንበስ ብለው ትንፋሽ ይያዙና ከግንባር እስከ ጉንጭ ድረስ ፊትን ይንከሩ። እስከ 30 ሴኮንድ፣ ካልተቻለም 15። ቀና ብለው ተንፍሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ፊት ውሃ ውስጥ ሲገባና ትንፋሽ ሲያዝ ልብ ቀስ ብላ እንድትመታ የሚያዝ የተፈጥሮ ምላሽ አለ፤ ዋናተኛ ሲጠልቅ የሚሆነው ማለት ነው።

ብዙዎች «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት ፊታቸውን ረጨት ረጨት አድርገው ወይም ውሃውን አናታቸው ላይ አፍስሰው ነው። ምላሹ የሚነቃው ዓይን ዙሪያና ጉንጭ ሲነከር፣ ትንፋሽም ሲያዝ ነው። ሌላው ስህተት ማርፈድ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተብሰልስለው፣ 12ኛውን መልእክት ከላኩ በኋላ ሳፋ ፍለጋ መሄድ። የልብ ሕመም ያለበት፣ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ምግብ በማቆም ሰውነቱ የከሳ ሰው ይህን ሐኪም ሳያማክር አያድርግ፤ እርጥብ ፎጣ ዓይንና ጉንጭ ላይ ማድረግ ይበቃዋል። የሚጥል በሽታ ያለበትም ፊቱን አይንከር፤ እሱም በፎጣው ይጠቀም።

የውሃው ፋታ የደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ወዲያው ወደ ትንፋሽ ይሻገሩ፦ 4 እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ 6 እየቆጠሩ ወደ ውጭ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የሚሠራው ማስወጣቱ ከማስገባቱ ሲረዝም ነው፤ በኃይል መሳብ ጭራሽ ያዞራል። ከዚያ ሰውነቱ አሁንም «ልሂድ፣ ልስበር» ካለ ያሂዱት፤ ደሴ ዳገት አላነሳትም። 15 ደቂቃ ፈጠን ያለ የዳገት እርምጃ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት መንገድ።

ስልኩስ? ለዚያ ሰዓት ስልክ ከሰው ጋር ቢቀመጥ ይመረጣል። ካልሆነ ቴሌግራም ላይ ለራስ ማስታወሻ የሚቀመጥበት ገጽ አለ፤ የመጣውን ሁሉ እዚያ መጻፍ ይቻላል፣ ስድቡም ሳይቀር። ያለዚያ መልእክቱን ለነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ሰጥቶ ማቆየት ነው፤ የላኪውን ቁልፍ ጫን አድርጎ ሲይዙት ምርጫው ይመጣል። ጠዋት ተነሥቶ አንብቦ «ይሂድ» የሚል ሰው ብዙ አይደለም።

ደብተሩ

በርዶ፣ ተተኝቶ፣ በማግሥቱ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ከሁሉም የሚሰለቸው ይህ ነው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው። የሆነውን እንደ ሰንሰለት፣ ቀለበት በቀለበት መጻፍ። ከላይ ያየነውን ቀን እንውሰድ።

ቀድሞ ምን አዳክሞኝ ነበር? ሌሊቱን 4 ሰዓት ብቻ ተኝቻለሁ፤ ምሳ አልበላሁም። ምን ሆነ? 9 ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ አልተነሣም። ምን አሰብኩ? «ሰልችቼዋለሁ።» ሰውነቴ ምን አለ? ደረቴ ጠበበ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ምን አደረግሁ? 14 ጊዜ ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ ፎቶ አጠፋሁ። ወዲያው ምን አገኘሁ? ጭንቀቱ ለአፍታ ቀለለ። በኋላስ? ኀፍረት፤ እሱም ለየትኛው መልእክት እንደሚመልስ ግራ ገባው።

ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል፦ ሰንሰለቱ የት ሊበጠስ ይችል ነበር? አንዱ ምሳው ነው፤ ቀልድ አይደለም፣ ባዶ ሆድና እንቅልፍ ማጣት ክብሪት ናቸው። ሌላው «አልተነሣም» እና «ሰልችቼዋለሁ» መካከል ያለው ክፍተት ነው። የታየው «ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም» ብቻ ነው። ቀሪውን ፍርሃት ጨመረው። በዚያ ቀለበት ላይ «ዛሬ ፈረቃው ስንት ሰዓት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢገባ 13ቱ ጥሪ ላይኖር ይችል ነበር።

በየምሽቱ ደግሞ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው፦ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ኀፍረት፣ ራስን የመጉዳት ግፊት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ቁጥር፤ የተኙበት ሰዓት፤ መጠጥና ጫት ካለ መጠኑ። ሦስት ሳምንት ከሞላ በኋላ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱን ራሱ ያስገርማል፤ ለምሳሌ ቁጣው ሁልጊዜ 4 እና 5 የሚሆነው ከእንቅልፍ አልባ ሌሊት ማግሥት መሆኑ። ደብተሩን ግን ሌላ ሰው ሳይፈቀድለት አያንብብ። አንድ ጊዜ ተሰርቆ ከተነበበ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ለአንባቢ ነው።

ስለ ጫት ዝም ብሎ ማለፍ ወሎ ላይ ሆኖ አይቻልም። ምርቃናው ላይ ሰው ይቅር ይላል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ፍቅሩን ይገልጻል፤ ምርቃናው ሲወርድ ያ ሁሉ ተገልብጦ ድብርትና ንጭንጭ ይሆናል። በዚያ ላይ ጨብሲ ሲደረብ ችኩልነቱን የሚይዘው ልጓም ይላላል፣ እንቅልፉም ይበላሻል። ቦርደርላይን ላለበት ሰው መተው ይመረጣል። በአንድ ቀን ካልተተወ ግን ቢያንስ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አለመቃም፣ መጠጥ አለመጨመር፣ ሐራራ ላይ ወይም ምርቃና ሲወርድ ትልቅ ጉዳይ አለማንሣት። ቡናም ቢሆን ከሰዓት በኋላ አቦሉ ላይ ቢቆም ለእንቅልፍ ይበጃል፤ በረካውን ለእንግዳ መተው ነውር የለውም።

ቤተሰብ ምን ይበል?

አንዲት የ20 ዓመት ተማሪ ከግቢ ወደ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወርውራ «ሁሉም ጠልተውኛል፣ ሁለተኛ አልሄድም!» አለች እንበል። ጓደኞቿ ምሳ ሳይጠሯት ሄደዋል።

የተለመደው መልስ ይህ ነው፦ «አሁን ለዚህ ይለቀሳል? እኛ በእናንተ ዕድሜ ስንቱን ችለናል። ነገ ይጠሩሻል፣ አብሽሪ።» እናትየዋ ክፉ አላሰቡም፤ ልጅቷ የሰማችው ግን «ስሜትሽ ውሸት ነው» የሚል ነው። ስለዚህ እንድትታመን ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። እናት ይቆጣሉ። ሳህን ይሰበራል።

ሌላው መንገድ፦

«ነይ እስኪ ተቀመጪ። ሳይጠሩሽ ሄዱ?»
«አዎ! እያየኋቸው፣ እማዬ!»
«እያየሻቸው... ይህማ ያማል። እኔም ብሆን ሆዴ ይብስ ነበር።»
(ዝምታ። ልቅሶ። ቡና ይቀርባል።)
«አሁን ምን ላድርግልሽ? ዝም ብዬ ልስማሽ ወይስ አብረን እናስብበት?»

እዚህ ላይ እናትየዋ «ጠልተውሻል» አላሉም። ስሜቱን ተቀበሉ፣ ድምዳሜውን አልተቀበሉም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው፤ «ታዲያ ስህተቷን ላጽድቅላት?» ይላል። አይጸድቅም። «ማዘንሽ አይገርምም» እና «ትክክል ነሽ» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

«አብሽር» ደግሞ የወሎ መልካም ቃል ነው፤ የሚበላሸው በቦታው ነው። የመጀመሪያ ቃል ከሆነ አፍ ይዘጋል፤ ሰውየው ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ሲመጣ ያጽናናል። «ተይው»፣ «እርሺው»፣ «ይለፍ» የሚሉትም እንደዚሁ።

ወሰን ስለማበጀት። ወሰን የሚነገረው ሰላም በሆነበት ቀን እንጂ በጭቅጭቁ መሀል አይደለም፤ የሚናገረውም ስለ ራሱ ነው። «14 ጊዜ እንዳትደውዪ» ትእዛዝ ነው። «ፈረቃ ላይ ስልክ መያዝ አልችልም። 4 ሰዓት ተሩብ ላይ፣ በሩን ስወጣ እደውልልሻለሁ» ወሰን ነው። ከዚያ 4 ሰዓት ተሩብ ላይ መደወል ግዴታ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ወሬ ይዞ 5 ሰዓት ማድረግ የሳምንታት ሥራ ያፈርሳል።

ወሰን በሌላ በኩልም ይፈርሳል። 13 ጥሪ ችላ ብሎ 14ኛውን ተበሳጭቶ ማንሣት «14 ከደወልኩ ይነሣል» የሚል ትምህርት ነው። የሚቀጥለው ጊዜ 20 ይሆናል። ማንሣት ካለብዎ በመጀመሪያው፤ ካልሆነ በተባለው ሰዓት። ይህን ሲጀምሩ ለጥቂት ሳምንታት ጥሪው ከፊተኛው ሊብስ እንደሚችል ይወቁ፤ አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው እዚያው ላይ ነው። ራስን ስለማጥፋት የሚናገር መልእክት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ለእሱ ወዲያው መልስ ይሰጣል።

ሽማግሌ መጥራት በወግ አለ፤ አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ስንት ደም አድርቀዋል። ነገር ግን እሳቱ ገና ሳይበርድ አምስት ሰው ሳሎን ተደርድሮ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ሲል ለእሷ ችሎት ነው፤ ኀፍረቱ ራሱ አዲስ ቀስቃሽ ይሆናል። ከቀናት በኋላ፣ አንድ የምታምናቸው ሽማግሌ፣ እሷ ፈቅዳ ይሁን። ገመናውንም የጎረቤት ቡና ላይ አለማውጣት ነው፤ ቅሬው (እድሩ) ሁሉ ካወቀ እሷ ከቤት መውጣት ታቆማለች።

ጠበልና ዱዓን በተመለከተ ክርክር ውስጥ መግባት ትርፍ የለውም። እምነቱ ለብዙዎች ከራስ ጉዳት የሚያግድ ገመድ ነው። አብሮ ይሂድ፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ መድኃኒት በገዛ እጅ አይቋረጥ፣ ሰው አይታሰር አይገረፍ። በጾምና በረመዳን የመድኃኒቱ ሰዓት እንዲስተካከል አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ሞት ሲነሣ

«ለማስፈራራት ነው» የሚለው ግምት በዚህ ሕመም ላይ ከሁሉም አደገኛው ነው። አስር ጊዜ የዛተ ሰው አስራ አንደኛው ላይ ሊሞት ይችላል። በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ራስሽን ማጥፋት አስበሻል? ዛሬ? በምን እንደሆነ አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ይቀልለዋል። ዕቅድ ካለ ብቻዋን አይተዋት። በቤት ያለ መድኃኒት፣ የተባይና የአይጥ መርዝ፣ መሣሪያ ከቤት ይውጣ ወይም በቁልፍ ይያዝ፤ ቁልፉም በሌላ ሰው ኪስ። ከባዱ ግፊት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ያልፋል፤ በእነዚያ ሰዓታት እጅ ሥር የሌለ ነገር ሕይወት ያተርፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ሌሊት ይሠራል።

ራስን መጉዳት ሁሉ ሞትን መፈለግ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የማይቻል ስሜትን የማቋረጫ መንገድ ነው። ያም ሆኖ ይጠየቃል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ፣ ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ። ጩኸትም አይደረግ፣ ከዚህ ቀደም ያልታየ እንክብካቤም አይጉረፍ፤ በርጋታ ቁስሉን ማከም፣ ወሬውን ለማግሥቱ ማቆየት። ዋናው ፍቅር የሚሰጠው ቁስል በሌለበት ቀን ነው።

በደህና ቀን አንድ ካርድ ይጻፍ፣ በኪስ የሚገባ፦ ሊመጣ ሲል የማውቅበት ምልክት፤ ብቻዬን የማደርገው (ሳፋ፣ ትንፋሽ፣ ዳገት)፤ ሐሳቤን ለመቀየር የምሄድበት ሰው ያለበት ቦታ፤ የምደውልላቸው ሦስት ሰዎች ከነስልካቸው፤ የሐኪሙ ስልክና ድንገተኛ ክፍል፤ ከቤት የሚወጡ ነገሮች። «ለሰው እደውላለሁ» ተብሎ የተጻፈ ካርድ አይረዳም፤ ስምና ቁጥር ይኑረው። የተጻፉት ሦስት ሰዎችም መጻፋቸውን ይወቁ።

ሐኪም ዘንድ

ጤና ጣቢያ ይጀመርና ወደ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በሪፈር መሄድ ይቻላል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ደብተሩን ይዘው ይግቡ። ወረፋው ረጅም፣ የሐኪሙ ደቂቃ አጭር ስለሆነ «ጭንቀት አለብኝ» ብቻ ከተባለ የጭንቀት ክኒን ይዞ መውጣት ነው። ከዚያ ይልቅ፦ «ስሜቴ በቀን አራት ጊዜ ይለዋወጣል፣ ከ17 ዓመቴ ጀምሮ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ ራሴን የመጉዳት ግፊት መጣብኝ።»

ዋናው ሕክምና ንግግር ነው። ብዙ ጥናት ያለው ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የሚባለው ነው፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ላይንሃን ያዘጋጁት ሲሆን የመጀመሪያው የሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። ሴትዮዋ ራሳቸው በወጣትነታቸው ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ተናግረዋል። ሙሉው ሕክምና በሳምንት አንድ የግል ክፍለ ጊዜ፣ አንድ የቡድን ሥልጠና፣ በመካከል የስልክ ምክር አለው፤ አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል። በሙሉ መልኩ ካልተገኘ ከፊሉን መጠየቅ ይገባል፦ ሁልጊዜ አንድ ባለሙያ፣ ቁርጥ ያለ ቀጠሮ፣ የአደጋ ጊዜ ካርድ፣ በየቀጠሮው አንድ ሰንሰለት ከደብተሩ። የሚቀያየር ሐኪም ለዚህ ሕመም ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ መቀየር መተው ይመስላል። ባለሙያው ፈቃድ ሲወጣ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲነግር መለመን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለቦርደርላይን ራሱ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ክኒን የሚሰጠው አብሮ ላለ ድብርት ወይም ጭንቀት ነው። እንደ ዲያዚፓም ያሉ ማስታገሻዎች ሱስ ያስይዛሉ፣ አንዳንዱን ሰውም ይበልጥ ችኩል ያደርጉታል፤ ከፋርማሲ በትውውቅ አይገዙ። ራስን የመጉዳት ታሪክ ካለ መድኃኒቱ የወር ሳይሆን የሳምንት እንዲታዘዝ ይጠይቁ፤ የሚይዘውም የቤተሰብ አባል ይሁን። አንዱ ክኒን አልሠራ ሲል ሌላ እየተጨመረ አምስት ዓይነት ከተደረሰ ቆም ብሎ «የትኛው ለምንድነው?» ማለት ያስፈልጋል።

የሆጤዋ ልጅና የኮምቦልቻው ልጅ ስምምነታቸውን በወረቀት ቢጽፉ አምስት መስመር ይበቃዋል። የሳምንቱ ፈረቃ ሰንጠረዥ እሁድ ማታ ይላካል። ፈረቃ ላይ ስልክ አይነሣም። ከፈረቃ ሲወጣ ይደወላል። እሷ እስከዚያ አንድ መልእክት ብቻ ትልካለች፤ ቀሪው ለራስ ማስታወሻ ይጻፋል። አምስተኛው መስመር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፦ መብራት ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ጥሪው ካልገባ በባልደረባው ስልክ አንድ ቃል ይላካል፤ የባልደረባውም ቁጥር ከወዲሁ በእሷ ስልክ ላይ ይመዘገባል።